እማዬ የጠፋችበት የስፔን መንደር

እናቴ ስፔን ውስጥ ጠፍታብኝ ነበር ስል የሰማኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እንዴት ጠፋች?» ብሎ አይደለም። «እናንተ ደግሞ ስፔን ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?» ነው የሚለኝ። አይፈረድበትም። እኔ የምኖርባት የአውሮራ ከተማ ሐበሻ ዕረፍት ሲያገኝ ወይ አገር ቤት ይገባል፣ ወይ ሌላ ስቴት ሠርግ ይሄዳል፣ ወይ ዕረፍቱን ሰርዞ ኦቨርታይም ይሠራል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከሦስተኛው ወገን ነኝ። ታዲያ አንድ የስፔን ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ «እማዬ!» እያልኩ እስክጮኽ ያደረሰኝን ነገር ልንገራችሁ። ታገሡኝ ብቻ፣ ወሬ ማሳጠር አላውቅበትም።

ገነት እባላለሁ። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ካሉት አፓርታማዎች በአንዱ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ እንግልውድ ነው፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ነኝ። አፌም እጄም ፈጣን ስለሆነ የሥራ ጓደኞቼ «ኮማንደር» ይሉኛል፤ ቅር አይለኝም። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሶሊያና። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ኮሌጅ እንደጨረሰች «ስፓኒሼን ላሻሽል» ብላ ለሕፃናት እንግሊዝኛ ልታስተምር ስፔን ሄደች። ማድሪድ ቢሆን እኮ ለሰውም ይወራል! የእሷ ዕጣ ግን ተራራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ሆነች። እሱም አልበቃ ብሏት፣ ኪራይ ይረክሳል ብላ ከከተማዋ በላይ፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለች፣ ከሰው ድመት የሚበዛባት መንደር ውስጥ ቤት ተከራየች።

አሁን እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ወይዘሮ አስካለ ትባላለች። ደሴ ላይ ሰፈር ታስተዳድር የነበረች ሴት ናት፤ የሰው ሠርግ፣ የሰው ክርስትና፣ የሰው ለቅሶ ያለ እሷ አይሆንም ነበር። አውሮራ መጥታም ቢሆን ቀልዷ አልተለያትም። ባለፈው ክረምት ግን ደሟ ከፍ ብሎ ሆስፒታል ገባች። እሷ በወጣች በሳምንቷ ከደሴ ስልክ ተደወለልኝ። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ዘነቡ፣ አርፋለች።

ዘነቡና እማዬ በየእሁዱ በስልክ ያወሩ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ስልኩ ይደወላል፣ ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ይስቃሉ። እኔ ሬሳው እንኳ ሳይቀበር ሲያትል ላለው ወንድሜ ለዳዊት ደወልኩለት።

«አሁን ብንነግራት ትሞትብናለች፤ ገና ከሆስፒታል መውጣቷ ነው» አለኝ።

«ትንሽ ትጠንክርና ሽማግሌ ሰብስበን በወጉ እናረዳታለን» አልኩት።

ተስማማን። መርዶ ወግ አለው፣ ታውቃላችሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቀስ ተብሎ ነው። «ዘነቡ ስልኳ ተበላሽቶባታል» አልኳት እማዬን። በሚቀጥለው እሁድ «ኔትወርክ ጠፍቷል» አልኳት። እማዬ «እሺ» ብቻ ትላለች። ዛሬ ነገ ስንል ግን ነገሩ ከበደን፤ ምክንያቱም እማዬ ተለወጠችብን። ወጥ ጥዳ ትረሳዋለች። እኔን ስትጠራ በሌላ ሰው ስም ጀምራ ታቆማለች። አንድ ቀን ደግሞ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጥታ ከሁለት ብሎክ ማዶ የሰው አፓርታማ በር ስትሞክር ጎረቤት አግኝቶ አመጣልኝ። እኔ ሥራዬ ከእንደዚህ ዓይነት ሽማግሌዎች ጋር ነው፤ ሲጀምራቸው እንዴት እንደሚጀምራቸው በየቀኑ አያለሁ። «ጭንቅላቷ መድከም ጀምሯል፣ አሁንማ ጭራሽ አይነገራትም» ተባባልን ከዳዊት ጋር። ለሐኪም ቀጠሮ ያዝኩላት። በሩን በላይኛው ቁልፍ እየቆለፍኩ ሥራ መሄድ ጀመርኩ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ሶሊ ደወለች። «ማም፣ እማማን ይዘሻት ነይ። ሪሊ። አየሩ ቢዩቲፉል ነው፣ ወክ እናደርጋለን።» እኔም፣ ነገ እኔንም የማታውቀኝ ቀን ቢመጣስ ብዬ ፈራሁና ዕረፍቴን ጠይቄ፣ በግንቦት ሁለታችን ተሳፈርን።

መንደሯን ስታዩዋት የተሠራች ሳይሆን ከድንጋዩ ውስጥ የበቀለች ትመስላለች። ግድግዳው ድንጋይ፣ መንገዱ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቀይ ሸክላ። ደወል ቤቱ ጫፍ ላይ ሽመላ ጎጆ ሠርታለች። ከመንደሩ ወጣ ሲሉ የለውዝ ዛፍ የተተከለበት እርከን አለ፣ ከእርከኑ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ቀጥሎ ደግሞ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ገደል ነው። ከታች አረንጓዴ ወንዝ ይታያል። ከገደሉ ወገብ ላይ ትልልቅ ጥንብ አንሳዎች ተነሥተው ከእናንተ እግር በታች ይዞራሉ። አሞራን ከላይ ሆኖ ማየት ደስ አይልም፣ እኔስ አልወደድኩትም።

እማዬ ግን ወደደችው። የመጀመሪያው ቀን ቁጥቋጦው ውስጥ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ቀጠፈችና በእጇ አሽታ አሸተተች።

«አንቺ ገነት! ጦስኝ ነው!» አለች።

እውነትም ጦስኝ ነበር፣ አበባውን አውጥቶ ኮረብታውን ሞልቶታል። እናቴ ፈገግ ስትል ካየኋት ወራት አልፎኝ ነበርና እንባዬ መጣ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስንወጣ ፌስታል ይዛ ትለቅማለች። ሶሊ በመኪና ወደ አጎራባች መንደሮችም ወሰደችን። አንደኛው ውስጥ አንድም ሰው የለም። በሩ ክፍት፣ ምድጃው ባዶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የበለስ ዛፍ በቅሎ ጣሪያውን አልፎ ወጥቷል።

«ሰዎቹስ?» አለች እማዬ።

«ወደ ከተማ ሄዱ፣ እማማ። ወጣቱ ሁሉ ሊቭ አደረገ» አለቻት ሶሊ።

«ሽማግሌ ሲሞትባቸው ታዲያ ማን ይቀብራል?»

እማዬ እስክንመለስ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔም በልቤ «ይኸው፣ ደግሞ ተመለሰባት» አልኩ።

እንግዲህ ያን ቀን ጠዋት ሶሊ ወደ ታች ከተማ ለማስተማር ሄዳለች። እማዬ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ደጅ ያለው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። እኔ ልብስ አጥቤ አሰጣሁና «ጎኔን ላሳርፍ» ብዬ ጋደም አልኩ። የናይት ሺፍት ገላ ታውቁ የለ፣ ትራስ ካየ አይምርም። በእንቅልፌ ደወል እሰማለሁ። አንድ ጊዜ ይመታል፣ ይቆያል፣ ደግሞ ይመታል። ስነቃ ደወሉ አቁሟል። ወጣሁ። አግዳሚው ባዶ ነው።

«እማዬ?»

ሽንት ቤት የለችም። ጓዳ የለችም። መንገዱ ላይ ወጣሁ። ሱቋ ዝግ ናት። ጎረቤታችን ያሉትን ባልቴት አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ቀጥሎ ያለውን አንኳኳሁ፣ የለም። ሁልጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች እንኳ የሉም። መንደሩ ውስጥ ከእኔና ከድመቶቹ በቀር ነፍስ ያለው ነገር ጠፋ። ያችን ባዶ መንደር አስታወስኩ። ጉድ ፈላ! ምን ዓይነት አገር ነው ይሄ? ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የት ይገባል?

ለሶሊ ደወልኩላት።

«እማማ የለችም!»

«ዋት ዱ ዩ ሚን የለችም?»

«የለችም ማለት የለችም ነው! ተኛሁ፣ ስነሣ የለችም! ሰውም የለም፣ መንደሩ ባዶ ነው!»

«ማም፣ ሊስን። ተረጋጊ። መጣሁ» አለች። ድምፅዋ ግን አልተረጋጋም።

እስክትመጣ ድረስ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ መንደሩን ዞርኩት። የእናቴ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ስልክ የለም፣ ደብተር ላይ የተጻፈ አድራሻ የላትም፣ የምታውቀው ቋንቋ አማርኛ ብቻ ነው። የደም ግፊት ኪኒኗንም አልዋጠችም፣ ጠረጴዛው ላይ አይቼዋለሁ። መጦሪያ ቤት ስሠራ እንደዚህ ወጥተው የቀሩ ሽማግሌዎችን ታሪክ ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰባቸው ሲነገር አጠገባቸው ቆሜአለሁ። ያ ሁሉ አሁን አንድ ላይ መጣብኝ።

ሶሊ መኪናዋን መሀል መንገድ ላይ ፓርክ አድርጋ ዘላ ወረደች።

«ጦስኙ ጋ አይተሻል?» አለችኝ።

አላየሁም። ፈርቼ ነው ያላየሁት። ወደዚያ ብሄድ የማገኘውን ነገር ስለፈራሁ መንደሩን ብቻ ነው የዞርኩት። ሶሊ እጄን ያዘችኝና በለውዙ እርከን በኩል ሮጥን።

ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሰው ቆሞ ወንዙን የሚያይበት ቦታ፣ የእማዬ ፌስታል መሬት ላይ ተቀምጧል። ጦስኝ ሞልቶበታል። እሷ የለችም። ከፌስታሉ እስከ ገደሉ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ከታች ጥንብ አንሳዎቹ ይዞራሉ፤ ከወትሮው የበዙ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ሶሊ ናት የነገረችኝ። መሬት ላይ ወድቄ ፌስታሉን አቅፌ «እማዬ!» እያልኩ ስጮኽ ገደሉ እየመለሰ «ማዬ… ማዬ…» ይለኝ ነበር አለችኝ። እኔ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወይኔ እናቴ፣ እህትሽ መሞቷን እንኳ ሳልነግርሽ» ማለቴን።

ሶሊ ለድንገተኛ አደጋ ደውላ በስፓኒሽ አወራች። ስልኩን ዘጋችና አጠገቤ ተንበረከከች። ድንገት መሬት ላይ የወደቀ ድንጋይ አነሣች።

«ማም፣ ዌይት። ስናገኘው ፌስታሉ ላይ ድንጋይ ነበረበት፣ አይደል?»

«ምን ድንጋይ?»

«ይሄ! አንቺ ስታነሺው ወደቀ። ማም፣ ነፋስ እንዳይወስደው ነው ያስቀመጠችው። የሚወድቅ ሰው ድንጋይ አይጭንም። ሺ ወዝ ካሚንግ ባክ። ልትመለስ ነበር።»

ድንጋዩን አየሁት። ጠፍጣፋ፣ ደህና ተደርጎ የተመረጠ ድንጋይ ነው። እናቴ ልብስ ስታሰጣ እንኳ ጫፉን በድንጋይ የምትይዝ ሴት ናት። ተነሣሁ። ዓይኔን አብሼ ዙሪያውን አየሁ፤ ወንዙን አላየሁም፣ መንደሩን ነው ያየሁት። ካለንበት ዝቅ ብሎ፣ ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ በግንብ የታጠረ ቦታ አለ። ጽድ ተተክሎበታል። ከበሩ ጥቂት ሰዎች በቀስታ ይወጣሉ፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ከመሀላቸው አንዲት ነጭ ነገር አለች።

«ሶሊ… እያየሁ ነው ወይስ እያበድኩ ነው?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ!» አለች ልጄ።

እንዴት እንደወረድን አላውቅም። አንዱ ጫማዬ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እንደ ሞኝ እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ፣ «እፎይ፣ እፎይ፣ ተመስገን» እያልኩ ነው የሮጥኩት። ልንደርስ ስንል ሰዎቹ አንድ ቤት ገብተዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልገሥጻት አፌ ላይ የሞላው ቃል፣ ወይ ጉድ! «እንዴት እንደዚህ ታደርጊኛለሽ» ልላት፣ «ሁለተኛ ከቤት አትወጪም» ልላት ገባሁ።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሱቋን የምታስተዳድረው ሴት አለች፣ ጎረቤታችን ባልቴት አሉ፣ ካርታ ተጫዋቾቹም ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። መሀል ላይ ጥቁር የለበሱ አሮጊት አሉ። ሟቹ ባላቸው መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅነው፤ ሴትየዋ ፒላር ይባላሉ። አጠገባቸው፣ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እናቴ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። እንደዚያ የሚለበሰው ለሐዘን ብቻ ነው። ጭንቅላቱ የደከመ ሰው ይሄን ያስታውሳል? እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ይሄን ሳስብ፣ እናቴ ዓይኗን ጨፍና በቀስታ እየተወዛወዘች የምታለቅሰውን ሰማሁ።

«ስልኩ ተበላሸ ይሉኛል ልጆቼ፣
እንዳይከፋቸው ነው ዝም ያልኩት ሰምቼ።
ዘነቡዬ… የእናቴ ልጅ… ዘነቡዬ…»

ሶሊ ክንዴን ጨመቀችኝ። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንድ ቃል የገባው የለም፣ ነገር ግን ሴቶቹ ሁሉ ከእሷ ጋር ያለቅሳሉ።

«እማዬ… አውቀሻል?» አልኳት።

ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ። «ቁጭ በይ። ለቅሶ ቤት ቆመው አያወሩም» አለች።

ኮማንደሯ ገነት ቁጭ አለች። ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩ።

«በየእሁዱ የምትደውል እህት በአንድ ጊዜ ስልኳ ተበላሸ ሲባል ማን ያምናል? ደግሞ አንቺ ዘነቡ ባልኩ ቁጥር ፊትሽ ይቀላል። የወለድኩሽ እኮ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«መርዶ ይጠበቃል እንጂ ይጠየቃል እንዴ? ሽማግሌ ይዛችሁ ትመጣላችሁ ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ። በጠዋት በሩ ሲንኳኳ ‹መጡ› ብዬ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። ዕቃ አድራሽ ነው።»

ሳቅ አመለጠኝ። እዚያ ለቅሶ መሀል፣ እንባና ንፍጤ ሳይለይ፣ ሳቄ መጣ። እማዬም እጇን ራሴ ላይ ጣለች።

«አልቅሺ እንጂ» አለችኝ። «አክስትሽ እኮ ናት። አንቺም አላለቀስሽላትም።»

እውነቷን ነው። እሷ እንዳታውቅ ስጠነቀቅ እኔ ራሴ ለአክስቴ ለዘነቡ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰስኩም ነበር። ልጅ ሆኜ የጸጉሬን ሹሩባ የምትሠራልኝ እሷ ነበረች። እናቴ ጭን ላይ ተደፍቼ አለቀስኩላት፤ በሰው አገር፣ በሰው ለቅሶ፣ በአንድ እግር ጫማ። የአክስቴን መርዶ ያረዳችኝ እናቴ ሆነች ማለት ነው።

ትንሽ ሲበርድልን ሶሊ ለሴኞራ ፒላር ነገሩን ሁሉ ታስረዳቸው ጀመር፤ የእማዬ እህት እንደሞተች፣ እማዬም ሳታለቅስላት እንደከረመች። ሴትየዋ አዳምጠው ሲጨርሱ «ስሟ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ነገርናቸው። ሴቶቹ መቁጠሪያቸውን አውጥተው ጸሎት ሲጀምሩ ከባላቸው ስም ቀጥሎ «ሴኔቡ» ሲሉ ሰማሁ። እማዬ አማተበች። የኛ ጸሎት አይደለም ብላ ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። ከጸሎቱ በኋላ ምግብ ቀረበ፤ የአሳማውን ሥጋ በትሕትና ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ዳቦና ወይራ ፍሬ በላች። ለድንገተኛ የተጠሩት ሁለት ፖሊሶችም ደረሱ። ሶሊ ደጅ ወጥታ ይቅርታ ስትጠይቃቸው ቆብ አውልቀው ገቡና ሴትየዋን አጽናንተው፣ እናቴንም ጨብጠው ሄዱ።

ማታ ቤት ስንመለስ ታሪኩን ከራሷ አፍ ሰማን። ጦስኝ ለቅማ ወንዙን እያየች ደወሉን ትሰማለች። ወዲያው ገባት፤ የሠርግ ደወል እንደዚያ አይመታም። ዞር ስትል ሬሳ ሲወጣ አየች።

«ተከታዩ እኮ የአንድ ዕድር ድንኳን ጥግ እንኳ አይሞላም ነበር» አለች። «እንዴት አልፋለሁ? ለቅሶ አይቶ፣ ቀባሪ የሌለውን ትቶ ማለፍ አለ እንዴ? ብቻ ሬሳ ልሸኝ እቅፍ ሙሉ ጦስኝ ይዤ አልሄድም አልኩና እዚያው አስቀመጥኩት።»

«እዚህ ሳትጠፊ አውሮራ እንዴት ጠፋሽ ታዲያ?» አልኳት።

«አውሮራማ ቤቱ ሁሉ መንታ ነው! በሩ አንድ፣ ቀለሙ አንድ። እዚህ ባለ ሰማያዊ በር አለ፣ ባለ ወይን ሐረግ አለ፣ ጥጉ የፈረሰ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ እመጣለሁ።»

«ድስቱስ? ስንቴ አሳረርሽ!»

«እሱማ ዘነቡ ናት» አለች። «ማንም የማያውቅልሽን ሐዘን ይዘሽ ወጥ መሥራት እስቲ ሞክሪው» አለችኝ።

ለዳዊት ደወልኩለት። «እማዬ ታውቃለች፤ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር» ስለው ትልቁ ወንድሜ እንደ ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁት። እማዬ ስልኩን ነጥቃኝ ስታጽናናው አመሸች።

አውሮራ ስንመለስ በወጉ ለቅሶ ተቀመጥን። ዳዊት ከሲያትል መጣ። ሰዉ ከአገልግሎት በኋላ፣ ከሺፍት በኋላ፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ይመጣል። ሳሎናችን ሞልቶ መኪና ማቆሚያው ጠበበ። እማዬ እየተደገፈች አለቀሰች፣ የዘነቡን ተረብ እያነሣች አሳቀች፣ በእንቅልፍ ሰዓቷም ተኛች። የሐኪም ቤት ቀጠሮዋንም አልሰረዝኩም፣ ወሰድኳት። ሐኪሟ ብዙ ጠይቃ፣ ብዙ አስቆጥራ፣ ለዕድሜዋ ደህና ናት፣ ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት ነው ያደከማት አለችን። ከበሩ ስንወጣ እማዬ «ይቺ ልጅ ጥያቄ አበዛች፣ አላገባችም መሰለኝ» አለች። ያኔ ነው እናቴ መመለሷን ያመንኩት። የላይኛውን ቁልፍ በማግስቱ ነቀልኩት።

አንባቢዎቼ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሐዘኑን ሌላ ሰው የደበቀበትስ? እኛ ሐበሾች በፍቅር ነው የምንደብቀው፣ ይሄን አውቃለሁ፤ እኔም በፍቅር ነው። ግን ቤታችሁ ውስጥ አሁን «ሲጠነክር እንነግረዋለን» የምትሉት ሰው ካለ፣ ሄዳችሁ ፊቱን በደንብ እዩት። ምናልባት እሱም እናንተን እየጠበቀ ይሆናል። ሥራ ቦታም አንድ ሽማግሌ ፈዘዘ ሲሉኝ ዛሬ መጀመሪያ የምጠይቀው «የሞተበት ሰው አለ?» ብዬ ነው።

ለቅሶው ባበቃ ማግስት፣ ሰዉ ሁሉ ሄዶ ቤቱን ስናስተካክል፣ ዳዊት ተንበርክኮ የእማዬን ጉልበት ሳመ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር አንደብቅሽም» አላት።

እማዬ አየችው፣ ወደ እኔም ዞረች።

«እኔን ልትደብቁኝ የምትችሉት ሞት አንድ ብቻ ነው» አለች። «የራሴን።»